የአሮጌ ቤቶች ጠባቂ ኦክቴቪያ ሂል

ያረጀ ቤት ሲያዩ ብዙዎች አፍርሰው አዲስ መሥራትን ይመርጣሉ። ነገር ግን ቤቱ ሲፈርስ በውስጡ የሚኖረው ድኻ ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ በሥራ ለመመለስ ዕድሜዋን ያሳለፈች አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች፤ ስሟም ኦክቴቪያ ሂል ይባላል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኦክቴቪያ በ1838 ዓ.ም. ዊዝቢች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደች። አባቷ የእህል ነጋዴ ሲሆን፥ እርስዋ ገና ሕፃን ሳለች ስለ ከሰረ ቤተ ሰቡ ተቸገረ። ትምህርቷንም ከእናቷ በቤቷ ተማረች። በ14 ዓመቷ በለንደን ከተማ መጫወቻ የሚሠሩ የድኻ ልጆችን ሥራ መቈጣጠር ጀመረች። ወደ ልጆቹ ቤት እየሄደች ስትጠይቃቸው፥ የሚኖሩበትን ጨለማና መጨናነቅ በዓይኗ አየች።

በ1865 ዓ.ም. ታዋቂው ደራሲ ጆን ረስኪን፥ ሜሪለቦን በሚባለው የለንደን ሰፈር 3 አሮጌ ቤቶች ገዝቶ በእርስዋ ኀላፊነት ሥር አደረገ። ካወጣውም ገንዘብ በየ100 ፓውንዱ በዓመት 5 ፓውንድ ትርፍ እንዲያገኝ ተስማሙ። በዚያን ጊዜ የቤቶቹ ጣራ ያፈስስ፥ የግድግዳቸው ልስን ይረግፍ ነበር፤ የደረጃው የእንጨት መደገፊያ እንኳ ተነቅሎ ለማገዶ ነዶ ነበር።

ኦክቴቪያ ቤቶቹን አላፈረሰችም። አስቀድማ የቈሻሻ ውሃ መውረጃውን፥ ጣራውንና የሚጠጣውን ውሃ አስተካከለች። ከዚያም በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞረች ኪራይ ትሰበስብ ነበር፤ የባለገንዘቡ ድርሻ ከተከፈለ በኋላ የተረፈው ተከራዮቹ ራሳቸው ለመረጡት እድሳት ይውላል። ሥራ የፈቱት በጥገናው ይቀጠራሉ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ልጃገረዶችም መተላለፊያውን እያጠቡ ደመወዝ ያገኛሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ቤቱና ነዋሪው አብረው ተሻሻሉ። ይሁን እንጂ ኦክቴቪያ ልል አልነበረችም፤ ኪራዩን በጊዜው የማይከፍለውን ቤቱን እንዲለቅ ታደርግ ነበር። በዚህም ጥብቅነቷ የነቀፏት አሉ። ሆኖም በ1874 ዓ.ም. በእርስዋ አስተዳደር ሥር የነበሩት ተከራዮች 3,000 ያህል ደርሰው ነበር።

ለድኻው ከቤቱ ሌላ ንጹሕ አየርም እንደሚያስፈልገው ስላመነች፥ በ1887 ዓ.ም. ሳውዝዋርክ በሚባለው ሰፈር የወረቀት ፋብሪካ ተቃጥሎ በነበረበት ቦታ ላይ የአትክልት ስፍራ አስተከለች። ይህ ስፍራ ዛሬም አለ።

በ1895 ዓ.ም. ከሕግ ዐዋቂው ከሮበርት ሃንተርና ከቄስ ሃርድዊክ ሮንስሊ ጋራ ሆና ናሽናል ትረስት የተባለውን የቅርስ ጠባቂ ማኅበር አቋቋመች። ማኅበሩ በ1896 ዓ.ም. በአልፍሪስተን መንደር ሊፈርስ የተቃረበ የ14ኛው መቶ ዓመት የካህን ቤት በ10 ፓውንድ ገዝቶ አስጠገነ። በ1907 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ማኅበሩ የያዛቸው ቅርሶች እንዳይሸጡና ወደ ሌላ እንዳይተላለፉ ለማድረግ ሥልጣን ሰጠው። ዛሬ ማኅበሩ በሚሊዮን የሚቈጠሩ አባላት አሉት።

ኦክቴቪያ ሂል ነሐሴ 13 ቀን 1912 ዓ.ም. በ73 ዓመቷ ዐረፈች።

እኛ ተማሪዎች ነገ መሐንዲስ፥ ሹም ወይም ባለ ቤት ስንሆን ያረጀ ሰፈር ለማደስ የምንነሣበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን ግንቡን ከመለካታችን በፊት፥ እንደ እርስዋ በሩን አንኳኩተን በውስጡ ማን እንደሚኖር እንጠይቅ።