20 ዓመት የጠበቀው የስሉትስኪ ሒሳብ

ዳቦ ሲወደድ ትንሽ የምንገዛው ለምንድን ነው? ስለተወደደ ነዋ ትሉ ይሆናል። የቭጌኒ ስሉትስኪ ግን ምክንያቱ ሁለት መሆኑን በሒሳብ አሳይቷል።

ሰውዬው በ1880 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ ተወለደ። ኪዬቭ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲያጠና በተማሪዎች ተቃውሞ በመሳተፉ ተባረረ። ሙኒክ ሄዶ ምህንድስና ተማረ፤ ተመልሶ ደግሞ በ1911 ኪዬቭ ውስጥ በሕግ ተመረቀ።

በ1915 አንድ የጣሊያን የኢኮኖሚክስ መጽሔት ጽሑፉን አወጣለት። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ዳቦ ሲጨምር ድንች በንጽጽር ይረክሳል፤ ስለዚህ ወደ ድንች እናዘነብላለን። ሁለተኛ፣ ኪሳችን ያለው ገንዘብ ባይነካም የሚገዛልን ነገር ያንሳል፤ ደኸየን ማለት ነው። ብዙ ወጪ የምናወጣበት ዕቃ ሲሆን ይሄ ሁለተኛው ይብሳል። የበፊቱን ያህል የሚያስገዛ ገንዘብ ቢጨመርልን ድህነቱ ይካካሳል፤ ወደ ድንች የሚገፋን ነገር ግን አይጠፋም።

ወቅቱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለነበር ጽሑፉን ልብ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። በ1934 እንግሊዛውያኑ ሂክስና አለን በራሳቸው መንገድ እዚያው ደረሱ። ቀዳሚው እሱ መሆኑን ሲያውቁ ግን ክብሩን አልነፈጉትም።

ስሉትስኪ ከ1926 ጀምሮ ሞስኮ ውስጥ ኮንድራቲየቭ በሚመራው የኢኮኖሚ ተቋም ሠርቷል። ኮንድራቲየቭ በ1930 ታሰረ፣ በ1938 ተረሸነ። ስሉትስኪ ወደ አየር ጠባይ ጥናትና ወደ ሒሳብ ዞረ፤ በ1948 አረፈ።

ዛሬ ዋጋ ሲንር ከዕቃው ሸሸን ወይስ ደኸየን ብለን የምንለየው በእሱ ቀመር ነው።