መሐንዲሱ ፒየር ሴሬዞልና የሰው አገር ሐዘን

እ.ኤ.አ. በ1879 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ የተወለዱት ፒየር ሴሬዞል የአገራቸው ፕሬዚዳንት ከነበሩ አባት ቢገኙም፣ ከሹመት ይልቅ ሙያን መርጠው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተማሩ። በአሜሪካና በጃፓን ቆይተው ከተመለሱ በኋላ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጦር ግብር አልከፍልም በማለታቸው ታሰሩ።

በ1920 መጨረሻ ላይ ከጥቂት በጎ ፈቃደኞች ጋር በቬርደን አጠገብ ወደምትገኝ አንዲት የፈረሰች የፈረንሳይ መንደር ሄዱ። ጊዜያዊ የእንጨት ቤቶች አቆሙ፤ በመድፍ የተቦረቦረውን መሬት ደለደሉ። ከሠራተኞቹ መካከል ጀርመናውያን ነበሩ። የሴሬዞል ተስፋ የትናንት ጠላት ያፈረሰውን ራሱ ሲገነባ ቂም ይሽራል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ አውራጃ ብዙ ሙታን አስከሬናቸው ሳይገኝ፣ መቃብራቸውም ሳይታወቅ ቀርቷል። መቃብር ያጣ ሐዘን ደግሞ በቶሎ አይዘጋም። የጀርመናውያኑ መገኘት ተቃውሞ ስላስነሣ ቡድኑ በ1921 የጸደይ ወራት ሥራውን አቋርጦ ወጣ።

ሴሬዞል ግን ዓላማቸውን አልተዉም። በ1928 በጎርፍ በተጎዳችው በሊኽተንሽታይን ከ700 በላይ በጎ ፈቃደኞች ተሰለፉ።

ጥር 15 ቀን 1934 (እ.ኤ.አ.) የሕንድን ቢሃር አውራጃና ኔፓልን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ10,000 በላይ ሰዎች ገደለ፤ እርሻውንም አሸዋና ውኃ አለበሰው። ሴሬዞል በዚያው ዓመት ወደ ቢሃር ተጓዙ። በዚያ የጠበቃቸው ሐዘን የቬርደኑን አይመስልም። የሂንዱ ቤተሰብ ሙታኑን በእሳት ያቃጥላል፤ በልማድም እስከ 13ኛው ቀን ድረስ የሚፈጸመውን ሥርዓት ጨርሶ ወደ ዕለት ሥራው ይመለሳል። ስለ መከራው ትርጉም ግን ሕንዳውያን ራሳቸው አልተስማሙም፤ ጋንዲ አደጋውን ሰውን በዘሩ የመጸየፍ ኃጢአት ቅጣት ነው ሲሉ፣ ታጎር ይህን አስተያየት በአደባባይ ተቃወሙ።

ሴሬዞል ራጄንድራ ፕራሳድ ከሚመሩት የርዳታ ኮሚቴ ጋር ተባብረው፣ ጎርፍ የሚያሰጋቸውን መንደሮች ወደ ከፍታ በማዛወር እስከ 1937 ድረስ ደከሙ። በፈረንሳይ የጎደለው የባለሀገሩ ፈቃድ በቢሃር ተገኝቶ ነበርና ሥራው ጸና።

ሴሬዞል በጥቅምት 1945 (እ.ኤ.አ.) አረፉ፤ የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የሲቪል አገልግሎት ድርጅት ዛሬም ይሠራል። ሕይወታቸው ለሙያው የሚያስተምረው፣ በሐዘን ቤት ላይ ግንብ ከማቆም በፊት አፈሩን ብቻ ሳይሆን ሐዘንተኛውንም መጠየቅ እንደሚገባ ነው።