ከተበላሸ ጋን የተነሣ ሳይንስ፦ የሉዊ ፓስተር ሕይወትና ሥራ

በአርባ ምንጭና በዙሪያዋ ባሉ የጋሞ ቀበሌዎች ቦርዴ የሚጠምቁ እናቶች ስለ ጊዜ ያላቸው ጥንቃቄ ከፋብሪካ ተቆጣጣሪ አያንስም። የተፈጨው በቆሎ በውኃ ተለውሶ ሁለትና ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ከፊሉ በምጣድ ታምሶ እንኩሮ ይሆናል፤ እንኩሮው ከብቅል ዱቄት ጋር ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ወደ ድፍድፍ ያድጋል፤ በመጨረሻም ገንፎ ተጨምሮበት፣ በውኃ ቀጥኖና ተጣርቶ ለመጠጥ ይደርሳል። ቦርዴ የሚጠጣው ገና እየፈላ ሳለ ስለሆነ ዛሬ የጣመው ነገ ይኮመጥጣል። ያልተሸጠው ሲደፋ የእህሉ፣ የማገዶውና የድካሙ ዋጋ አብሮ ይፈስሳል። ለመሆኑ መጠጡን የሚያፈላውስ፣ የሚያበላሸውስ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በሙከራ የፈታው ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ነበር። ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው በእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ቢሆንም፣ የምርምሩ ጎዳና በመጠጥ በርሜል በኩል ያለፈ መሆኑ ለእኛ ለመሐንዲሶች ልዩ ትምህርት አለው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓስተር ታኅሣሥ 27 ቀን 1822 ዓ.ም. በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዶል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ ቆዳ ፋቂ ነበር። ልጁ ያደገው ወይን በሚጠመቅባት በአርቧ ነው። በፓሪስ ከፍተኛ ትምህርቱን ተከታትሎ፣ በ1848 ዓ.ም. ከወይን በርሜል ዝቃጭ በሚገኘው የታርታሪክ አሲድ ጠጠሮች ላይ ባደረገው ጥናት ገና በ25 ዓመቱ ስሙ ታወቀ። በማግሥቱ ዓመት ያገባት ማሪ ሎሯን ጽሑፉን እየጻፈች፣ ማስታወሻውን እየገለበጠች የሥራው ተካፋይ ሆነች።

በ1854 ዓ.ም. የሊል ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። ሊል የፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1856 ዓ.ም. ቢጎ የተባለ፣ ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያመርት ባለ ፋብሪካ ጋኖቹ እየኮመጠጡ ስላስቸገሩት ወደ ፓስተር መጣ። ፓስተር ይህ ከክብሬ በታች ነው ሳይል በየቀኑ ፋብሪካው እየሄደ ከጋኖቹ ናሙና ቀዳ። በማይክሮስኮፕ ሲመለከትም፣ ከደህናው ጋን የተቀዳው ክብ ክብ የእርሾ እንክብሎች ሞልተውበት፣ ከተበላሸው የተቀዳው ደግሞ ቀጫጭን ዘንግ የመሰሉ ተሐዋስያን ወረውት አገኘ።

በዚያን ዘመን ታላቅ ተሰሚነት የነበረው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሊቢግ፣ መፍላት ማለት የሚበሰብስ ነገር የሚያስከትለው የኬሚካል ለውጥ እንጂ የሕያዋን ሥራ አይደለም ይል ነበር። ፓስተር ግን በ1857 ዓ.ም. ስለ መኮምጠጥ ባወጣው ጽሑፍና ከዚያ በኋላ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ እርሾ ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን፣ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠውም በኑሮው መሆኑን አስረዳ። መኮምጠጥም የሌላ ተሐዋሲ ሥራ እንደሆነ አሳየ። አንገቱ እንደ ወፍ አንገት በተቆለመመ ብርጭቆ ውስጥ የተፈላ ፈሳሽ አየር እያገኘ እንኳ ሳይበላሽ እንደሚቆይ በማሳየትም፣ ተሐዋስያን ከተሐዋስያን እንጂ ከምንም እንደማይፈጠሩ አረጋገጠ።

በ1863 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ የወይን ጠጅን ብልሽት እንዲመረምር ጠየቀው። ፓስተርም ወይኑን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማሞቅ የሚያበላሹትን ተሐዋስያን መግደል እንደሚቻል ደረሰበት። ዛሬ በስሙ ፓስተራይዜሽን የምንለው ዘዴ ይህ ነው። ነገር ግን እነዚህ ዓመታት የኀዘን ዓመታትም ነበሩ። ከ1859 እስከ 1866 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሦስት ሴቶች ልጆቹን ቀበረ፤ ሁለቱን የገደላቸው ታይፎይድ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ በ45 ዓመቱ በአንጎል ደም መፍሰስ ተመትቶ ግራ ጎኑ ሰለለ። ሥራውን ግን አላቋረጠም።

ፈረንሳይ በ1870–71 ዓ.ም. ጦርነት በጀርመን ስትሸነፍ ፓስተር በአገሩ ውርደት እጅግ ተቆጨ፤ የጀርመን ቢራን የሚስተካከል ቢራ ለአገሩ ማስገኘትንም ዓላማው አደረገ። እርሱ ራሱ ቢራ የሚወድ ሰው አልነበረም። በክሌርሞን ፌራን አጠገብ በአንድ አነስተኛ ጠመቃ ቤት ጀምሮ፣ በ1871 ዓ.ም. ወደ ለንደኑ የዊትብሬድ ቢራ ፋብሪካ ተሻገረ። እዚያም እርሾውን መርምሮ ባዕድ ተሐዋስያን እንደገቡበት አመለከተ። ፋብሪካውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ማይክሮስኮፕ ገዛ። በ1876 ዓ.ም. ያሳተመው የቢራ ጥናት ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ንጹሕ እርሾ፣ ንጹሕ ዕቃ፣ ያልተበከለ አየር። ይህን መሠረት ይዞ ዴንማርካዊው ሐንሰን በ1883 ዓ.ም. በካርልስበርግ ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለጠመቃ አበቃ።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ጋን ስንመለስ ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ጠላ ጠማቂዋ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ጭስ የምታጥነው ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ በሸክላው ቀዳዳ የተደበቀውን ተሐዋሲ ያዳክማል። ለቦርዴው እህሉ በእሳት ሲታመስና ሲገነፋም ያልተፈለገው ተሐዋሲ ይቀንሳል፤ ስታርቹም ለብቅሉ ሥራ ይመቻል። በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በጨንቻ ብርድ ቀስ ብሎ የሚፈላው ጥንስስ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በአርባ ምንጭ ሙቀት ይፈጥናል። እናቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር በእጃቸው፣ በአፍንጫቸውና በጆሯቸው ይለኩታል።

ልዩነትም አለ። ፓስተር ለቢራ በሽታ ነው ያለው የላክቲክ አሲድ ተሐዋሲ ለቦርዴ የጣዕሙ ምንጭ ነው፤ ጥፋት የሚሆነው ልኩን ሲያልፍ ነው። ቦርዴ ከነሕይወቱ የሚጠጣ ስለሆነ፣ የቢራ ፋብሪካን ዘዴ እንዳለ ገልብጦ ቦርዴውን ማሞቅ ቦርዴነቱን ማጥፋት ነው። የሚያስፈልገው ሙቀቱንና ሰዓቱን መለካት፣ ጥሩ ጥንስስ ለይቶ ማቆየት፣ ለመታጠብ የሚመች ዕቃ መሥራት ነው።

ፓስተር ከቢራው ወደ እንስሳትና ወደ ሰው በሽታ ተሸጋገረ። መጠጥን የሚያሳምም ተሐዋሲ ካለ ሰውን የሚያሳምም ለምን አይኖርም የሚለው ሐሳብ ነበር የመራው። ሐምሌ 6 ቀን 1885 ዓ.ም. እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን መከተብ ጀመረ፤ ልጁም ዳነ። በ1888 ዓ.ም. በስሙ የተሰየመው ተቋም በፓሪስ ተከፈተ። መስከረም 28 ቀን 1895 ዓ.ም. በ72 ዓመቱ አረፈ። ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ቡክነር ከእርሾ የተጨመቀ ጭማቂ ብቻውን ስኳርን እንደሚያፈላ ስላሳየ፣ ሊቢግም ፈጽሞ እንዳልተሳሳተ ታወቀ። የፓስተር መሠረት ግን አልተናጋም።

ፓስተር ለዚህ ሁሉ የበቃው አንድ ጠማቂ ችግሩን ይዞ ሲመጣ በሩን ስላልዘጋበት ነው። በጋሞ ገበያዎች ቦርዴ የምታቀርበው ሴት ችግሯን ይዛ ወደ እኛ ቢሮ አልመጣችም። ናሙና መቅጃውንና ቴርሞሜትሩን ይዘን ወደ ጋኗ መሄድ ያለብን እኛ ነን።