ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና አረንጓዴው ሳሎን

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ገርማሜ ንዋይ ነው። አሜሪካ የተማረው፣ አሳቢው ታናሽ ወንድም ይባላል። ታላቅየው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ግን ተከታይ ሆነው ይቀራሉ። እንደ ሕግ ሰው እኔን የሚያሳስበኝ የእርሳቸው ጉዳይ ነው።

መንግሥቱ ስዊድናውያን ካሠለጠኗቸው የሆለታ ዕጩ መኮንኖች አንዱ ነበሩ። ጣሊያን ሲገባ ወደ ሱዳን ተሰደው ካርቱም አጠገብ ሶባ ላይ ሠለጠኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ፣ ዛሬ እነ ቡለን በሚገኙበት በመተከል ምድር በኩል ገቡ። ከነጻነት በኋላ መንግሥቱ በክቡር ዘበኛ ደረጃ በደረጃ አድገው ከጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ቀጥለው አዛዥ ሆኑ። ክፍሉ ኮሪያ የዘመቱትን የቃኘው ሻለቆች ያወጣ፣ በምሽግና በኮረብታ ውጊያ የተፈተነ ነበር።

ታኅሣሥ 4 ማታ፣ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ፣ እቴጌ ታመዋል ተብሎ መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ ተጠርተው ታገቱ። ሙሉጌታ ቡሊም ከታጋቾቹ መሐል ነበሩ። ታኅሣሥ 6 ውጊያ ተጀመረ። በማግስቱ የጦር ሠራዊቱ ታንኮች ወደ ገነተ ልዑል ግቢ ጥሰው ገቡ።

ታንክ ግን አጥር ይጥሳል እንጂ ክፍል አያስለቅቅም። ታጋች ያለበት ቤት የሚገባ ወታደር ኮሪደሩንና ማዕዘኑን ከጓዱ ጋር እየተሸፋፈነ ማጥራት፣ በሩን ባለፈ ቅጽበት ጠባቂውን ከታጋቹ መለየት አለበት። ቦምብ መወርወር ይህን አይለይም፤ መዘግየትም ለገዳይ ጊዜ ይሰጣል። ጀርመኖች እንኳ ለዚህ ሥራ ልዩ የፖሊስ ኃይል ያቋቋሙት ከሙኒክ ኦሎምፒክ እልቂት (እ.ኤ.አ. 1972) በኋላ ነው። ወደ አረንጓዴው ሳሎን በጊዜው የደረሰ አልነበረም። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ሙሉጌታ ቡሊን ጨምሮ 15 ሰዎች በመትረየስ ተገደሉ።

የሥርዓቱን ግፍ እያነሱ ለጄኔራሉ የሚሟገቱ ወዳጆች አሉኝ። ስለ ግፉ እስማማለሁ። ባዶ እጁን ያለን ሰው በተዘጋ ክፍል መፍጀት ግን በየትኛውም ሕግ መከላከያ አይገኝለትም። ደግሞስ የቀድሞ አለቃን?

ወንድማማቾቹ ሸሽተው ታኅሣሥ 15 ተከበቡ። ገርማሜ ሞቱ፤ መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ። የሞት ፍርድ ሲሰጣቸው ይግባኝ አላሉም። መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። የተዳኙት በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘመን ነው፤ ለተከሳሽ መብት መልክ የሰጠው የሥነ ሥርዓቱ ሕግ የወጣው ግን ከስቅላቱ ሰባት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1954 ዓ.ም. ነበር።