ዋናተኛው ዱክ ካሃናሞኩ

አገራችን ኢትዮጵያ በሩጫ ስመ ጥር የሆኑ ልጆችን ማፍራቷን የማያውቅ የለም። በውኃ ዋና ግን በዓለም አደባባይ አንደኛ የወጣ ልጅ እስካሁን አላገኘንም። እኛ የጉንደ ወይን ተማሪዎችም፣ አባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ቢታጠቃትም፣ ዋናን የምናውቀው በወንዝ ዳር የልጅነት ጨዋታነቱ ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈውን፣ ነገር ግን ስሙ በዋናተኞች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚነሣውን የዱክ ካሃናሞኩን ሕይወት በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች የተጻፉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱክ የተወለደው ኦገስት 24 ቀን 1890 በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት በሐዋይ ደሴቶች፣ በሆኖሉሉ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ሐዋይ የራሷ ዘውድ ያላት አገር ነበረች። ገና ሕፃን ሳለ በ1893 ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ወረደች፤ በ1898ም ደሴቶቹ ወደ አሜሪካ ተጠቃለሉ። ዱክ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ መስፍን ማለት ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አገር መስፍን የተባለ ሁሉ መስፍን እንዳልሆነ፣ ይህም ስም እንጂ ማዕርግ አልነበረም። በ1869 አንድ የእንግሊዝ መስፍን ሐዋይን ስለ ጎበኘ ስሙ ለአባቱ ወጣለት፤ ከአባትም ለበኵር ልጅ ተላለፈ። አባቱ የፖሊስ ባልደረባ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ዘጠኝ ልጆች የነበሩበት ነው።

ዱክ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አልገፋበትም። ያደገው ዋይኪኪ በተባለው የባሕር ዳር ሲሆን፣ እየዋኘና በረጅም የእንጨት ሳንቃ ላይ ቆሞ ማዕበል እየጋለበ ጐለመሰ። ማዕበል መጋለብ የሐዋይ ሕዝብ የጥንት ጨዋታ ነው። የዱክ አዋዋኝ ፊት ለፊት ተደፍቶ ክንዶቹን እያፈራረቀ ውኃውን መቅዘፍና እግሮቹን ሳያቋርጥ በፍጥነት ማራገብ ነበር። ይህ የእግር ሥራ ኋላ በስሙ እስከ መጠራት ደረሰ።

በኦገስት 1911 በሆኖሉሉ ወደብ ውስጥ ውድድር ተደረገ። ዱክ 100 ያርዱን በ55.4 ሴኮንድ ጨረሰ። ይህም በዚያን ጊዜ ከታወቀው የዓለም ክብረ ወሰን ከአራት ሴኮንድ በላይ የፈጠነ ነበር። ወሬው አሜሪካ ሲደርስ የስፖርቱ ሹማምንት አላመኑም፤ የወደቡ ውኃ ገፍቶት ይሆናል እየተባለ ክብረ ወሰኑ ሳይመዘገብ ቀረ። የሐዋይ ሰዎች ግን ልጃቸውን ያውቁት ነበርና ገንዘብ አዋጥተው ወደ አሜሪካ ላኩት። በዚያም ተወዳድሮ ለኦሎምፒክ ተመረጠ።

በ1912 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም አንድ እንቅፋት ገጠመው። እሱና የአሜሪካ ጓደኞቹ የግማሽ ፍጻሜው ሰዓት በትክክል ስላልተነገራቸው ሳይገኙ ቀሩ። እንደ ሕጉ ቢሆን ኖሮ ከውድድሩ ይሰናበቱ ነበር። ነገር ግን ሴሲል ሂሊ የተባለ አውስትራልያዊ ዋናተኛ፣ ፈጣኖቹ በሌሉበት የሚገኝ ድል ድል አለመሆኑን በማስረዳት ሌላ ማጣሪያ እንዲደረግላቸው ተከራከረ፤ ዳኞቹም ፈቀዱ። በፍጻሜው ዱክ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ3.4 ሴኮንድ ዋኝቶ የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ፣ ሂሊ ሁለተኛ ሆነ። ሂሊ ዝም ቢል ኖሮ ወርቁ ለራሱ ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ጨዋ ሰው በ1918 በፈረንሳይ አገር በጦር ሜዳ ሞተ። የዱክ ታሪክ በተነገረ ቁጥር የሂሊም ስም አብሮ ሊነሣ ይገባል እንላለን።

በ1916 በበርሊን ሊደረግ የታሰበው ኦሎምፒክ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። የዱክ የጕልምስና ዓመታትም ያለ ኦሎምፒክ አለፉ። በ1920 በቤልጅግ፣ በአንትወርፕ ከተማ፣ ልክ 30 ዓመት በሞላበት ቀን የ100 ሜትሩን ውድድር አሸነፈ። አንድ ተወዳዳሪ መንገዴ ተዘጋብኝ ብሎ አቤት ስላለ ውድድሩ እንደገና እንዲደረግ ተወሰነ፤ ዱክም ሁለተኛ ጊዜ ዋኝቶ ሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በቅብብሎሽም ወርቅ ጨመረ። በ1924 በፓሪስ ግን ጆኒ ዋይስሙለር የተባለ ወጣት ቀደመው። ዱክ ሁለተኛ፣ የገዛ ወንድሙ ሳም ሦስተኛ ወጡ።

ይህን ሁሉ ዝና ያገኘ ሰው ሀብታም ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን የዘመኑ የኦሎምፒክ ሕግ ዋናተኛ በዋናው ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ዱክ በፊልም ትንንሽ ቦታ እየተሰጠው ሠርቷል፤ ቤንዚን ቀድቷል፤ በሆኖሉሉ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ጽዳት ጠብቋል። በአሜሪካም በቆዳው ቀለም ምክንያት ከምግብ ቤት የተመለሰበት ጊዜ ነበር።

አሁን ከሁሉ የሚበልጥብንን እንናገር። ጁን 14 ቀን 1925 በካሊፎርኒያ፣ በኮሮና ደል ማር ባሕር ዳር፣ ቴልማ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በኃይለኛ ማዕበል ተመትታ ተገለበጠች። ዱክ ከጓደኞቹ ጋር በባሕሩ ዳር ነበር። ሳንቃውን ይዞ ወደ ማዕበሉ ገባና የሚሰጥሙትን እያሳፈረ ወደ ዳር ተመላለሰ። በዚያ ቀን 17 ሰዎች ሞቱ፤ 12 ዳኑ። ከዳኑት ውስጥ 8ቱን ያወጣው ዱክ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚቆጥርለት ዳኛ፣ የሚሰጠውም ሜዳልያ አልነበረም። ከዚያም ወዲህ በባሕር ዳር ሰው የሚያድኑ ዘበኞች ሳንቃ እንደ መሣሪያ ይይዙ ጀመር።

ኋላም የሆኖሉሉ ሕዝብ ሸሪፍ፣ ማለት የሕግ አስከባሪ ሹም፣ አድርጎ 13 ጊዜ በተከታታይ መረጠው። ጃንዋሪ 22 ቀን 1968 በ77 ዓመቱ አረፈ፤ አመዱም ባደገበት በዋይኪኪ ባሕር ላይ ተበተነ። ዛሬ በዚያው ዳርቻ ሐውልቱ ቆሞ ይታያል።

ከዚህ ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ምን እናገኛለን? በወደቡ የሠራው ሰዓት ሳይታመንለት ቢቀርም፣ ሳያኰርፍ ዳግመኛ ዋኝቶ ማሳየቱ አንድ ትምህርት ነው። ፈተና ወድቆ ዳኛውን ሲያማ ለሚውል ተማሪ ይህ ይጠቅመዋል። ሁለተኛው ግን ይልቃል። ዱክ ስምንቱን ነፍስ ያወጣው ለወርቅ በለመደው ክንድ ነው፤ ሆኖም ባዶ እጁን አልገባም፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይዞ ገባ እንጂ። በእኛም አገር ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፤ ሲሻገር የሚወሰድ ሰው አለ። ልናድነው ብለን ዘለን ብንገባ ሁለት ሬሳ ይሆናል። ገመድ መወርወር፣ ረጅም በትር መዘርጋት፣ አፉ የተከደነ ባዶ ጀሪካን መጣል ግን ዋና ለማያውቅም ይቻላል። ወላጆችና መምህራን ልጆችን በበጋ፣ ጸጥ ባለ ውኃ፣ በአዋቂ ፊት ዋና ቢያስተምሩልን፣ ከመካከላችን የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ ባይወጣ እንኳ፣ ከወንዝ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወንድምና እኅት ይበዛልናል።