የጡንቻን ምስጢር የመረመረው ሊቅ አልበርት ሴንት ጆርጂ

በ1916 ዓ. ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጦር ግንባር የነበረ አንድ የሃንጋሪ የሕክምና ተማሪ የገዛ ክንዱን በጥይት መትቶ፥ በጠላት የቆሰለ መስሎ ወደ ቡዳፔስት ተመለሰ፤ ትምህርቱንም ፈጸመ። ይህን ጀግንነት ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን በ1893 የተወለደው ይህ ወጣት፥ አልበርት ሴንት ጆርጂ፥ በዚያ ጦርነት ሞቶ ቢቀር ኖሮ ስለ ገዛ ጡንቻችን የምናውቀው ሳይዘገይ አይቀርም ነበር።

ስሙን በዓለም ያስጠራው የቪታሚን ሲ ጉዳይ ነው። በሴገድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፥ አንድ ማታ ባለቤቱ ያቀረበችለትን ጣፋጭ በርበሬ መብላት ስላልፈለገ ወደ ቤተ ሙከራው ይዞት ሄደ፤ ሲመረምረውም የቪታሚኑ ጎተራ ሆኖ አገኘው። በ1937 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ይህ በብዙ መጻሕፍት የተጻፈ ስለ ሆነ አናስረዝመውም።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ጡንቻ መለሰ። ሚዮሲን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ከታወቀ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። በ1939ም ኤንገልሃርትና ሊዩቢሞቫ የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት፥ ሚዮሲን የጡንቻ ስንቅ የሆነውን ኤ ቲ ፒ እንደሚሰብር ገልጠው ነበር። በሴገድ ባልደረባው ኢሎና ባንጋ የተፈጨ የጥንቸል ጡንቻ በጨው ውሃ ዘፈዘፈች። ሃያ ደቂቃ የቆየው ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ እስከ ማግሥቱ ያደረው ግን ወፈረ። ኤ ቲ ፒ ሲጨመርበት ደግሞ ወፍራሙ ወዲያው ቀጠነ። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ በደፋው ነበር። እነርሱ ግን ከወፍራሙ ክር ሠርተው ኤ ቲ ፒ ቢጨምሩበት ክሩ አጠረ፤ ከቀጭኑ የተሠራው አላጠረም። ሕይወት የሌለው ክር በብርጭቆ ውስጥ እንደ ጡንቻ ተሰበሰበ! ልዩነቱን ያመጣውን ሁለተኛ ፕሮቲን ስትራውብ የተባለው ወጣት በ1942 ለየው፤ ስሙም አክቲን ተባለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሃንጋሪ ከሂትለር ጎን ተሰልፋ ትዋጋ ነበር። ሊቁ በ1943 ንግግር የሚያደርግ መስሎ ወደ ኢስታንቡል ሄደና አገሩ ከጦርነቱ የምትወጣበትን መንገድ ከእንግሊዞች ጋር በምስጢር ተነጋገረ። ምስጢሩ ለጀርመኖች ደረሰ። በ1944 ሃንጋሪን በያዙ ጊዜ ከጌስታፖ እየተሸሸገ ከሞት ተረፈ።

በ1947 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዉድስ ሆል በተባለ የባሕር ዳር መንደር ተቀመጠ። ታናሽ ዘመዱ አንድሩ ሴንት ጆርጂ በ1953 ሚዮሲንን ቆራርጦ ከባድና ቀላል ክፍሉን ለየ። ዛሬ እንደሚታወቀው አንዱ የሚዮሲን ሞሌኪዩል ስድስት ሰንሰለት አለው፤ ሁለት ከባድ፥ አራት ቀላል። የከባዶቹ ጅራት እንደ ገመድ ተገምዶ በጫፉ ሁለት ራስ ያወጣል። በእያንዳንዱ አንገት ላይ ሁለት ሁለት ቀላሎች ተጠምጥመው ያጠነክሩታል፤ ራሱ አክቲንን ሲይዝ አንገቱ እንደ መፈንቅል ዘንበል ይልና አክቲኑን ይስባል። ቀላሎቹ ባይኖሩ አንገቱ ልል ሆኖ ጉልበቱ በቀነሰ ነበር።

ሴንት ጆርጂ በኋለኛው ዘመኑ ወደ ካንሰር ምርምር ዞረ፤ ገንዘብ እያጠረውም እስከ እርጅናው ሠራ። በ1986 በዚያው በዉድስ ሆል ሞተ።