ኮሊን ቻፕማንና ከአሮጌ መኪና የተወለደችው ሎተስ

በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች ደጅ ሞተሩ የወጣለት ወይም ተገልብጦ የተጨማደደ መኪና ቆሞ ማየት ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ባለሙያዎቹ ካንዱ ካምቢዮውን፥ ከሌላው ዲፈረንሻሉን እየፈቱ ሦስተኛውን ያስነሣሉ። በዚሁ ዐይነት ሥራ ጀምሮ ስሙ በዓለም የተሰማ አንድ እንግሊዛዊ ስለ ነበረ፥ የሕይወቱን ታሪክ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኮሊን ቻፕማን በ1928 ሎንዶን አጠገብ በሪችመንድ ተወለደ። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሕንድስና ሲማር፥ ከጓደኛው ጋራ አሮጌ መኪና እየገዛ ይሸጥ ነበር። በ1947 መጨረሻ ግን መንግሥት ለግል መኪና የሚሰጠውን የቤንዚን ራሽን ስላቋረጠ ገበያው ወደቀ፤ በእጁም ፈላጊ ያጣች አንዲት አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ቀረች። እኛ እንደሚመስለን ዕድሉ የተከፈተው በዚህ ኪሳራ ነው።

መኪናዪቱን ኋላ ሚስቱ በኾነችው በሄዝል ወላጆች ቤት ጓሮ ካለው ጋራዥ አስገብቶ፥ የላይኛውን አካል ነቅሎ ጣለ። ሞተሩንና ሻንሲውን አስቀርቶ ከኮምፔርሳቶና ከአሉሚኒየም ቀለል ያለ አዲስ አካል ሠራላት። በ1948 የወጣችው ይህች መኪና የመጀመሪያዪቱ ሎተስ ናት። በ1952 ከሄዝል 25 ፓውንድ ተበድሮ ኩባንያውን አቋቋመ።

በዚያው ዓመት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎችን በሦስት ማዕዘን እየበየደ ሻንሲ ሠራ፤ ሦስት ማዕዘን ከአራት ማዕዘን ይልቅ አይጣመምምና። ባዶው ሻንሲ 25 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝን ነበር። ገዢው ሻንሲውንና ላሜራውን ወስዶ፥ ሞተሩንና አክሱን ከአሮጌ ፎርድ ፈትቶ በቤቱ ይገጥማል። በ1957 የወጣችው ሎተስ ሰቨንም በዚሁ መንገድ ስትሸጥ፥ ያልተገጠመ መኪና የሽያጭ ቀረጥ ስለማይከፈልበት፥ ብዙ ገንዘብ የሌለው ወጣት ሊገዛት ቻለ።

ክብደት መቀነስ ለምን ይጠቅማል? ከደሴ ተነሥተን በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት እንወርዳለን። የሞተር ጉልበት ቢጨመር በዚያ ጠመዝማዛ ምንም አይረዳም፤ ቀላል መኪና ግን ፍሬኑ ሳይግል ይቆማል፥ በኩርባውም ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይል ያንስበታል፥ ሲመለስም ዳገቱን በትንሽ ሞተር ይወጣል።

በዚህ ሐሳብ የሎተስ ቡድን ከ1963 እስከ 1978 ሰባት ጊዜ የዓለም የመኪና ሠሪዎችን ሻምፒዮና አሸነፈ። ነገር ግን ክብደቱን ፈላልጎ የሚቀንስ ሰው ጥንካሬውንም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ዮኬን ሪንት በ1969 በስፔን ውድድር የመኪናው ክንፍ ተሰብሮ ከተጋጨ በኋላ፥ መኪናዎቹ ሊታመኑ የሚችሉ እንዲኾኑ ቻፕማንን በደብዳቤ ለመነው። በ1970 በሞንዛ የፊት ፍሬኑ ዘንግ ተሰብሮ መኪናው ከመንገድ ዳር ብረት ጋራ ሲጋጭ ሞተ። የብረቱ አተካከል ጉድለት ለሞቱ ምክንያት ኾኖ ቢገኝም፥ ቻፕማን ከዚህ ነገር ፈጽሞ ነጻ ነው ለማለት እኛ አንደፍርም። የዓመቱ የሻምፒዮንነት ማዕርግ ለሟቹ ተሰጠ።

ቻፕማን በታኅሣሥ 1982 በ54 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። ሰቨንን የመሥራት መብት በ1973 ኬተርሃም ለተባለው ድርጅት ተላልፎ ስለ ነበረ መኪናዪቱ ዛሬም ትሠራለች፤ ገዢውም ቢፈልግ በሣጥን ተቀብሎ በጓሮው ይገጣጥማታል።